ዘጠኙን ሣጥኖች የደበቅኩ ዕለት

ዶክተር ማርላን የጠላኋት ፊቷን ሳላይ ነው። ስሟን ኢሜይል ላይ ሳነብ ጠላኋት፤ ስትመጣ ደግሞ ባሰብኝ። ይህን ስጽፍ ራሴን ለማሳመር አንዲት መስመር እንዳልጨምር እየተጠነቀቅኩ ነው። እናንተም ስታነቡ ለእኔ ለማዘን አትቸኩሉ። የሆነው እንዲህ ነው።

አትላንታ የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው። እዚሁ አደግኩ፣ እዚሁ ተማርኩ። ንግግሬን የሰማ ሰው ከየት ነሽ ብሎ አይጠይቀኝም፤ የሚጠይቀኝ ስሜን ሲያነብ ነው። ሕይወት እባላለሁ፤ ሥራ ቦታ ግን ለሁሉም "ሂዊ" ነበርኩ። ያኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት የአካታችነት ቢሮ ዳይሬክተር ሆኜ ነበር። ይህን ሥራ ለእናቴ ማስረዳት ሁሌም ይቸግረኝ ነበር። "ተገፍተው የቆዩ ሰዎች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ እናደርጋለን" ስላት "ቦታው የማን ሆኖ ነው እናንተ የምትሰጡት?" ትለኛለች። እስቃለሁ።

ዛሬ አትላንታ የምንለው ይህ ምድር ማስኮጊ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አገር ነበር። ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፤ በወታደር እየተነዱ ወደ ኦክላሆማ ተባረሩ። እነሱ ይሂዱ እንጂ መቃብራቸው አብሯቸው አልሄደም። ከዚያ በኋላ መንገድ ሲሠራ፣ ግድብ ሲገደብ፣ ፕሮፌሰሮች አፅማቸውን እያወጡ በካርቶን ሣጥን ውስጥ አስገቡት፤ የእኛም ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ ድርሻውን ወሰደ። ሕጉ ለባለቤቶቹ መልሱ ይላል። የእኛዎቹ ግን ከአትላንታ ወጣ ብሎ ባለው ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ፣ በአንድ ማተሚያ ቤትና በአንድ የምንጣፍ መጋዘን መሃል በተከራየነው መጋዘን ለዓመታት ተደርድረው ኖሩ።

ዩኒቨርሲቲው እንዲያፍርና እንዲመልስ ሦስት ዓመት የወተወትኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለነባር ሕዝቦች ጉዳይ ምክትል ፕሮቮስት ይሾም፣ ይህ ሰው ትምህርቱንም አስተዳደሩንም ከቅኝ ገዥ አስተሳሰብ ያላቅቅ የሚለውን ሐሳብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ፕሮቮስት ማለት ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ያለው ትልቁ የትምህርት ኃላፊ ነው፤ ምክትሉ መሆን ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የሥራ መደቡን ዝርዝር ስጽፍ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ እያንዳንዱን መስፈርት በራሴ ልክ እየሰፋሁ ነበር።

ሁሉም "ያንቺ ነው" አለኝ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አስነግራ ሴቶቹ በጸሎት ያዙልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ባለ ሁለት መስኮት ኦፊስ በምሳ ሰዓት ሄጄ አይቼ፣ ጠረጴዛዬን በየትኛው መስኮት በኩል እንደማደርግ ወስኜ ነበር።

ከዚያ ኢሜይሉ መጣ። ፕሮቮስቱ ዶክተር ማርላ የምትባል፣ ራሷም ማስኮጊ የሆነች ምሁር ከኦክላሆማ መቀጠሯን "በታላቅ ደስታ" ገለጸ። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ አጭር ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ "ያላንቺ እዚህ አንደርስም ነበር" ይላል። አሥር ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም። ባነበብኩት ቁጥር ለእኔ የሚታየኝ ደረጃ መሆኔ ነበር፤ ሰው ረግጦት የሚወጣው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ከበቡኝ። "እህታችን፣ ሹመቱ እንዴት ሆነ?"

"ለሌላ ሰው ተሰጠ።"

"ጌታ የተሻለ አዘጋጅቶልሽ ነው" አሉኝ። የተሻለ አልፈለግኩም። የፈለግኩት እሱን ነው።

ማርላ በነሐሴ መጣች። ሃምሳ ዓመት አካባቢ፣ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ሽበት የጣለበት ሴት ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ሚቲንግ ላይ እሷ ዝም ስትል ሌሎቹ ዝም ብለው ይጠብቋታል፤ እኔ ዝም ካልኩ ግን ወዲያው ሌላ ሰው ይገባበታል። በሁለተኛው ቀን የበሩን ጥበቃ በስሙ ትጠራው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎች ኦፊሷ በር ላይ ይሰለፉ ጀመር። የምትስቀው ሳቅ እንኳ ያናድደኝ ነበር፤ ኮሪደሩን አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል።

መጀመሪያ ያገኘችኝ ቀን "ሂዊ ትክክለኛ ስምሽ ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ ሕይወት ነው።"

"ድገሚልኝ።" ሦስት ጊዜ አስደግማኝ በትክክል ጠራችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደኝ። ይህንንም ልትወስድብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ምኑን እንደምትወስድብኝ ዛሬም አላውቀውም።

ነገሩ የሚገርመው፣ ብጠየቅ "ትክክለኛዋ ሰው እሷ ናት" ብዬ ግማሽ ገጽ መጻፍ እችል ነበር። እኔ ነኝ እኮ ለዓመታት "ስለ ነባር ሕዝቦች ነባር ሕዝቦች ይወስኑ" እያልኩ ስላይድ ሳሳይ የኖርኩት! ስላይዱ እውነት ሆኖ በእግሩ ሲመጣ ግን ቆሜ ልቀበለው አልቻልኩም።

አሁን ወደ ሣጥኖቹ ልምጣ።

ማርላ ከመቀጠሯ አንድ ወር አስቀድሞ፣ መጋዘኑን ብቻዬን ስፈትሽ፣ ከጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ "የእንስሳት አጥንት" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ዘጠኝ ሣጥኖች አገኘሁ። ከቆፋሪው ፕሮፌሰር የድሮ ማስታወሻ ደብተር ጋር ቁጥራቸውን ሳመሳክር አልገጠመልኝም። አንድ ጡረታ የወጣ የአናቶሚ መምህር ለምኜ አመጣሁና ከፍቶ አየ። ቀና ሳይል "ሰዎች ናቸው። ገሚሶቹ ልጆች ናቸው፤ ይቺኛዋ ሦስት ዓመትም አልሞላት" አለኝ። "ለሚመለከተው እኔ አሳውቃለሁ" አልኩት። አመነኝ።

ላሳውቅ ነበር። ለመጨረሻው ኢንተርቪው ቆጥቤው ነበር። ኢንተርቪው ላይ ግን ሰዓቱ አለቀብኝ። ማርላ ስትሾም ደግሞ በሌላ ዓይን አየሁት። ፋይሎቼን ሁሉ እንዳስረክባት ታዘዝኩ፤ ሰባት ፎልደር አስረከብኳት። ስምንተኛውን፣ የዘጠኙ ሣጥኖች ዝርዝር ያለበትን፣ መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከትርፍ ጎማው አጠገብ አስቀመጥኩት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። የመምህራን ጉባኤው ስብሰባ ላይ፣ እሷ "ሥራው ተጠናቋል" ብላ ሪፖርት ካቀረበች በኋላ፣ ተነሥቼ "ይቅርታ፣ አልተጠናቀቀም" እላለሁ። ንግግሩን መኪና ውስጥ እየነዳሁ ተለማምጄዋለሁ። የፕሮቮስቱ ፊት ሲቀየር ይታየኝ ነበር።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ፣ ከኦክላሆማ ሁለት ሰዎች መጡ። ሚስተር ኤልመር የማስኮጊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ በአፍንጫቸው ኦክስጅን የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ በትከሻቸው አንግተዋል። ሁለተኛዋ ጆሊን የምትባል ልጃቸው ናት። የመጡት አፅሞቹን ለማየት፣ በራሳቸው ወግ ለመጸለይና ስለሚመለሱበት መንገድ ለመነጋገር ነው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም፤ በልቤ ግን አንቱ ነበር የምላቸው።

ማርላ መደርደሪያዎቹን ሁሉ በነጭ የጥጥ ጨርቅ አስሸፍናለች። ፎኖቻችንን መኪና ውስጥ ትተን መጋዘኑ ገባን። መብራት የማበራው፣ ቁልፍ የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት ማርላ ወደ ሽማግሌው ዞራ "እዚህ ያለውን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እስካሁን የጠበቀቻቸውም እሷ ናት" አለች። እንዲህ ያለውን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅኩት! ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ምጽዋት መሰለኝ።

ሽማግሌው በየመደርደሪያው ፊት እየቆሙ በቋንቋቸው ይናገሩ ጀመር። ንግግሩ ከጸሎት ይልቅ ከተቀመጠ ሰው ጋር የሚደረግ ወሬ ይመስል ነበር። አንዳንዴ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ጆሊን ታለቅሳለች፤ ማርላ አቀርቅራለች። እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሜ የማየው የማርላን ጀርባ ነበር። እዚህ ውስጥ እኔ የማልገባበት ነገር አላት፤ ሦስት ዓመት አቧራ ስውጥ ብኖርም አልገባበትም እያልኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ጨረሱ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

"እነዚህ ብቻ ናቸው?" አሉኝ።

የኋላዋ ክፍል የብረት በር ከቆምኩበት አሥር እርምጃ አይሞላም። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ማርላ እያየችኝ ነው። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ የሚባል የለም።

"አዎ" አልኩ። "እነዚህ ናቸው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ" ብለው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ደረቅና ሙቅ ነበር።

ምሳ አብረን በላን። ምን እንደቀረበልን አላስታውስም። የማስታውሰው ማርላ "በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይመጣሉ" ስትላቸው ሽማግሌው ፈገግ ብለው የመለሱትን ነው።

"ሐኪሜ ይህንንም ከልክሎኝ ነበር። ሁለተኛ አልመጣም። ለዚህ ነው አንድ በአንድ ያየኋቸው፤ ማንንም ሳልሰናበት እንዳልቀር።"

ሹካዬን አስቀመጥኩ። አሁን ተናገሪ የሚል ነገር ውስጤ ነበር። ያን ጊዜ ጆሊን በጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ የማርላን እጅ ያዘች፤ ሁለቱ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ተባብለው ሳቁ። አፌን ዘጋሁ። ይህን የምነግራችሁ ቅናት ምን ያህል በትንሽ ነገር እንደሚያሸንፍ እንድታዩ ነው፤ ሁለት ሴቶች ሳቁ፣ ዘጠኝ ሰው ተደበቀ።

የመመለሻ በረራቸው በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እናቴን ከሌሊት ሥራዋ ለመውሰድ ሄድኩ፤ መኪናዋ ጋራዥ ገብታባት ነበር። እናቴ ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለ አንድ ሆስፒታል የበሽተኞች ረዳት ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ፓርክ አድርጌ ስጠብቅ አርባ ደቂቃ ዘገየች። እንደዚያ ሆና አታውቅም። በመጨረሻ ከነዩኒፎርሟ እግሯን እየጎተተች መጣችና ገባች።

"ምን ሆነሽ ነው እማዬ? ስልክሽንም አታነሺም።"

"አንድ ሰውዬ አርፈው ነው። ልጃቸው ከኬኔሶ እየነዳች ነበር፤ ትራፊክ ያዛት። ብቻቸውን እንዳታገኛቸው ብዬ ቁጭ አልኩ።"

"ፈረቃሽ አልቆ የለም እንዴ? ሌሎቹ አሉ አይደል?"

"አሉ። ግን እሳቸውን የማውቃቸው እኔ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት ያጠብኳቸው እኔ። ልጅቷ ገብታ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን መሰለሽ? 'ማን ነበር አብሮት?' ነው ያለችው። እኔ ነበርኩ አልኳት። ይኼው ነው፤ ይኼን ልላት ነው የቆየሁት።" ቀበቶዋን አሰረች። "ንጂ እንጂ፣ ደክሞኛል።"

መንዳት አልቻልኩም። መሪውን ይዤ አለቀስኩ። እናቴ አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀችና "ምን አድርገሽ ነው?" አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው አላለችም።

ሁሉንም ነገርኳት። ፎልደሩን፣ በሩን፣ "አዎ" ያልኩትን። ልጆች እንዳሉበትም ነገርኳት።

በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ከዚያ "ያቺ ሴት ሹመትሽን ወሰደችብሽ እንበል" አለች። "ሣጥን ውስጥ ያሉት ምን አደረጉሽ?"

ሞተሩን አስነሣሁ።

"ሰዎቹ የት ናቸው አሁን?"

"ሆቴል። ከሰዓት ይሄዳሉ።"

"በይ ወደዚያ ንጂ።"

"መጀመሪያ አንቺን ቤት..."

"እኔን የትም አታድርሺኝ። ንጂ አልኩሽ።"

ከሳንዲ ስፕሪንግስ ወደ ሆቴሉ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ሁሉም መስመር ቀጥ ብሏል። በመሃሉ ሌላኛዋ እኔ ታወራለች፤ ሥራሽን ታጪያለሽ፣ አሥራ አንድ ዓመት ገደል ይገባል፣ ሰኞ በኢሜይል ብታሳውቂስ፣ "አዲስ ግኝት" ብትይውስ? እውነቴን ነው፣ ያኔም እንኳ "አዲስ ግኝት" የሚለውን ርዕስ በአእምሮዬ እየጻፍኩ ነበር። ዞር ስል እናቴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስለ ምን እንደምትጸልይ አልጠየቅኳትም።

ደረስን። ሎቢው ውስጥ ሻንጣዎቹ ከሶፋው አጠገብ ቆመዋል፤ ሽማግሌው ተቀምጠዋል፤ ጆሊን ሒሳብ መዝጊያው ጋ ናት። ማርላ እኔን ስታይ ፈገግ ብላ ተነሣች፤ ለመሰናበት የመጣሁ መስሏት ነው። እናቴን በሩ አጠገብ ትቼ ማርላን ወደ ጥግ ወሰድኳት።

"ሌሎች ሣጥኖች አሉ" አልኳት።

"የምን ሌሎች?"

"ከኋላዋ ክፍል። የእንስሳት ይላል፤ ሰዎች ናቸው። አስመርምሬያለሁ።"

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቷ ሄደ። "ስንት?"

"ዘጠኝ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"አንቺ ከመቀጠርሽ አንድ ወር በፊት።"

"ትናንት ሲጠይቁሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ዋሸኋቸው።"

"ለምን?"

በመኪና ውስጥ ያዘጋጀኋቸው መልሶች ነበሩ፤ አንዱም አልመጣልኝም። "ቀንቼብሽ ነው" አልኩ። አሳፋሪ ቃል ነው፤ የልጅ ቃል ነው። ሌላ ግን የለም። "ቦታው የእኔ ነበር ብዬ ነው። እንድትዋረጂ ፈልጌ ነው።"

ማርላ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔን ማዋረድ ከፈለግሽ መንገዱ ብዙ ነበር" አለችኝ። "ሚቲንግ ላይ ልትሰድቢኝ ትችይ ነበር። ስለ እኔ ለፕሮቮስቱ ልትጽፊ ትችይ ነበር። የእኔን ሰዎች ግን፣ አንቺም እንደ እነዚያ ፕሮፌሰሮች..." አልጨረሰችውም። ፊቷን አዙራ ቆየች። ስትመለስ "ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አልነግርልሽም" አለች።

ሽማግሌው ፊት በርከክ ብዬ ነገርኳቸው፤ ሶፋው ዝቅ ያለ ስለነበረ ሌላ ዓይናቸውን የማይበት መንገድ አልነበረም። ሲሰሙ አንዴም አላቋረጡኝም። የመሣሪያው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

"ልጆች አሉበት?" አሉኝ።

"አዎ፣ አሉ።"

ጆሊን ከኋላዬ መጥታ ሰምታ ኖሯል። "ትናንት እጅሽን ይዞ አመስግኖሽ ነበር!" ብላ ጮኸችብኝ። ሎቢው ሁሉ ዞረ። ትክክል ናት። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና "ለአየር መንገዱ ደውዪ፣ ሌላ በረራ ይፈልጉልን" አሏት። ለመነሣት ሲታገሉ እናቴ ከበሩ መጥታ በአንድ ክንዳቸው ያዘቻቸው፤ እንደ ሥራዋ ነው የያዘቻቸው፣ ከብብት ሥር፣ ሳታቻኩል።

"እርሷ ማን ናት?" አሉኝ።

"እናቴ ናት።"

እናቴ በምትችለው እንግሊዝኛ "ጌታዬ፣ አዝናለሁ። ልጄ ናት፤ አፍሬያለሁ" አለቻቸው።

ዩኒፎርሟን አዩ፤ ድካሟን አዩ። "ልጅሽ መጥታለች እኮ" አሏት። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ይቅር አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

መጋዘኑ ስንደርስ የኋላዋን ክፍል ከፈትኩና ቁልፉን ከነቀለበቱ ለማርላ ሰጠኋት። ፎልደሩንም ከመኪናው አውጥቼ ሰጠኋት። "ውጪ ጠብቂ" አለችኝ። ወጣሁ። ውስጥ ምን እንደተደረገ አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም።

ከእናቴ ጋር መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምን። ጎረቤት የምንጣፍ መጋዘኑ ሠራተኞች ዕቃ በሚያነሣ መኪና፣ በፎርክሊፍት፣ ጥቅል እየጫኑ ነበር፤ ሲያፈገፍግ የሚያሰማው ጩኸት ጆሮ ይበሳል። እናቴ ትንሽ ታገሠችና ወደ እነሱ ሄደች። ከሩቅ እጇን ስታንቀሳቅስ አየኋት። ምን እንዳለቻቸው ስትመለስ ጠየቅኳት፤ "እዚህ ቤት ለቅሶ አለ አልኳቸው" አለችኝ። ሰዎቹ ፎርክሊፍቱን አጠፉ። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ። ሁለት ሰዓት ያህል ዝም አሉልን፤ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቁም። ሃያ አራት ሰዓት ነቅታ የዋለች እናቴ ያን ጊዜ በሙሉ አልተቀመጠችም፤ እኔም አልተቀመጥኩም።

ማርላ ብቻዋን ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ለፕሮቮስቱ እጽፋለሁ" አለችኝ። "የሆነውን ሁሉ። የምጨምረው የለም፣ የምተወውም የለም።"

"እሺ።"

"ዛሬ መምጣትሽንም እጽፋለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ለማመስገን ቃጣኝና ተውኩት።

እንዳለችው ጻፈች። ከዳይሬክተርነቴ ተነሣሁ። ኢሜይሉ የወጣ ቀን ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ፎናቸውን እያዩ ነበር የሚያልፉኝ። ሥራዬን ፈጽሞ ያላጣሁት ማርላ እንድቆይ ስለጠየቀች ነው፤ የድሮዎቹን ማስታወሻዎች እጅ ጽሑፍ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ከእሷ ሥር፣ ያለ ማዕረግ፣ ዝርዝሩን እንድጨርስ ተደረገ። ወደ መደርደሪያው ብቻዬን መግባት ግን ተከለከልኩ፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አብሮኝ ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን ውርደቱ ያቃጥለኝ ነበር። ኋላ ግን ተገቢ መሆኑ ገባኝ። እነዚያ ሰዎች ከእንደኔ ዓይነት ሰው ጋር ለብቻቸው ተትተው ብዙ ዘመን ኖረዋል።

ሚስተር ኤልመር በየካቲት አረፉ። ማርላ በኮሪደሩ ቆማ ነገረችኝና ሄደች። ኦፊሴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያን ዓርብ፣ ነገሩን እስከ ሰኞ አሳድሬው ቢሆን ኖሮ ለዘጠኙ የሚያወራላቸው የነበረው ሰው አያገኛቸውም ነበር። እኔ የማስበው ስለ አንድ ኦፊስ ነበር።

አፅሞቹ በሙሉ ባለፈው ጸደይ ተመለሱ። የት እንደተቀበሩ አልተነገረኝም። አልጠየቅኩም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ መልሴ አጭር አይደለም። ቅናትን ሰው ላይ የሚነድ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው፤ ፊት የሚያጠቁር፣ ምላስ የሚስል። የእኔው እንደዚያ አልነበረም። የእኔ ቅናት ታታሪ ሠራተኛ ይመስል ነበር። ፎልደር ያዘጋጃል፣ ቀን ይቆጥራል፣ ንግግር ይለማመዳል፣ "ጥንቃቄ" ይባላል፣ "ትክክለኛውን ጊዜ መጠበቅ" ይባላል። ለዓመታት ስለ ተገፉ ሰዎች እየተናገርኩ፣ በአንድ ቀን የእነሱን ሙታን የራሴ ማስረጃ አደረግኳቸው። ከቆፈሯቸው ፕሮፌሰሮች በምን እንደምለይ ብዙ አሰብኩበት፤ እነሱም ለስማቸው ነበር ያስቀመጧቸው። ስለዚህ እናንተም በሥራ ቦታችሁ ከመናገር ያዘገያችሁት ነገር ካለ፣ ለማን ብላችሁ እንዳዘገያችሁት ራሳችሁን ጠይቁ። እኔን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ከሦስት ወር በላይ ያለፈው።

አሁንስ አትቀኚም ወይ ብትሉኝ፣ እቀናለሁ። ማርላ ስትናገር ሰው ጸጥ ሲል ዛሬም የሆነ ቦታዬን ይወጋኛል። እሷም ይህን የምታውቅ ይመስለኛል። ጓደኛሞች አልሆንንም። ስሜን ግን ዛሬም በትክክል ትጠራዋለች፤ ስትጠራኝም አቤት ብዬ እሄዳለሁ።

ባለፈው ወር ሌላ ግዛት ካለ ዩኒቨርሲቲ ደወሉልኝ። እንደ ማርላው ዓይነት ቢሮ ሊከፍቱ ነው፤ ሥራዬን ሰምተው ኖሯል፤ ለኃላፊነቱ ሊያስቡኝ ይፈልጋሉ። ሴትየዋ ጥሩ ሰው ትመስላለች። በመጨረሻ "አንድ ነገር ብቻ፣ ከዳይሬክተርነት ለምን ተነሣሽ?" አለችኝ። "የመዋቅር ለውጥ ነበር" ማለት እችል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አያጣራም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስጨርስ "እንደውልልሻለን" አለችኝና ተሰነባበትን።

አልደወሉም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ስልኩን እንደዘጋሁ ነው።